በሰው ሀገር አርበኛ

ድሮ አርበኛ መሆን ከባድ ሥራ ነበር። ጫካ መግባት፣ ጥሬ ቆርጥሞ ማደር፣ ከጣሊያን ጋር አምስት ዓመት መታኮስ ይጠይቃል። ዛሬ ሥልጣኔ ይመስገንና ነገሩ ቀሏል፤ ሶፋ ላይ ተደላድሎ፣ ቡናውን ፉት እያሉ፣ አንዱ የሰው ሀገር ከሌላው የሰው ሀገር እንደሚበልጥ ማስረዳት በቂ ነው። በዚህ ዘመቻ የቆሰለ የለም። ቢበዛ ጉሮሮ ይዘጋል።

በዚህ አርበኝነት ደግሞ ሀበሻን የሚያህል የለም። በሰርግ፣ በክርስትና፣ በለቅሶ ዘመድ ከያለበት ሲሰባሰብ እንጀራ ቢያልቅ እንኳ ይህ ክርክር አያልቅም። የሲልቨር ስፕሪንጉ አሜሪካን፣ የስቶክሆልሙ ስዊድንን፣ የፍራንክፈርቱ ጀርመንን፣ የቶሮንቶው ካናዳን ይዞ ይሰለፋል። ሁሉም «እኛ ጋ» እያለ ነው የሚጀምረው። ለሚሰማው ሰው ሀገሪቱን የቆረቆሩት አያቱ ይመስላሉ፤ ትንሽ የሚያጠያይቀው ከቆርቋሪዎቹ ጋር ያለው የሥጋ ዝምድና ብቻ ነው።

የጨዋታው ሕግ ቀላል ነው። አንደኛ፣ የዓለም ምርጡ ሀገር ምንጊዜም ተናጋሪው የመኖሪያ ፈቃድ ያገኘበት ነው። ይህ በአጋጣሚ የሆነ እንዳይመስላችሁ። ዲቪ የደረሰው ወገናችን ፎርሙን ከመሙላቱ በፊት የዴንማርክንና የአሜሪካን የጡረታ ሥርዓት ጎን ለጎን አስቀምጦ ሲያገናዝብ አድሮ ነው፤ «ኮምፒውተር በዕጣ መረጠው» የሚሉት ምቀኞች ናቸው። ሁለተኛ፣ የራስ ሀገር በሕገ መንግሥቱ፣ የሌላው ሀገር በአየር ጠባዩ ይመዘናል። አሜሪካ ሲነሳ ስለ ነፃነት፣ ስዊድን ሲነሳ ስለ ታኅሣሥ ጨለማ ይወራል። ሦስተኛው ሕግ ከሁሉም ጥብቅ ነው፤ ማንም ሰው የራሱን ኑሮ በማስረጃነት እንዲያቀርብ አይገደድም።

ይህ ሦስተኛው ሕግ ምን ያህል ጥበብ እንዳለበት ያየሁት ሜሪላንድ ውስጥ አንድ ለቅሶ ቤት ነው። የአሜሪካው ጠበቃ በዕድሜ ጠና ያሉ ጋሼ ናቸው፤ የስዊድኑ ደግሞ ከስቶክሆልም ለለቅሶው የመጣ ወጣት።

«ጋሼ፣ እኛ ጋ ልጅ ሲወለድ ለእናትና ለአባት 480 ቀን ይሰጣል። ያውም ገንዘብ እየተከፈለህ!»

«አንተ ልጅ፣ እዚህ ሀገር 480 ቀን የቀረ ሰው ሲመለስ ወንበሩ ብቻ ሳይሆን ድርጅቱም አይኖርም። እዚህ ሠርተህ ትበላለህ። ኪስህ ውስጥ እጁን የሚከት መንግሥት የለም። ነፃነት ነው!»

ጥግ ላይ የተቀመጡ አንዲት እናት ጣልቃ ገቡ፤ «የኔ ልጅ፣ ለመሆኑ አንተ ስንት ወልደሃል?»

«ገና አላገባሁም፣ እማማ።»

ላም አለኝ በሰማይ ይሏል ይህ ነው። ልጁ በላተኛ የሌለው 480 ቀን ታቅፎ ነው ከአትላንቲክ ማዶ የመጣው። ከ480ው ቀን ጋር ደግሞ ሁለት ባዶ ሻንጣ ይዟል። በሀገሩ አብዛኛው ዕቃ ላይ 25 በመቶ የተጨማሪ እሴት ታክስ ስላለ ጫማውንና ላፕቶፑን የሚገዛው ከእኚሁ ከሚያሳዝኑት አሜሪካውያን ነው። እንክብካቤውን ከስዊድን፣ ሸመታውን ከአሜሪካ ማድረግ የሰለጠነ አቋም ነውና እንለፈው።

ጋሼም ቢሆኑ አይታሙም። ስለ ታላቂቱ አሜሪካ ሲያስረዱ ቂጣውን በግራ መንጋጋ ብቻ ነበር የሚያኝኩት። የቀኙ ጥርስ ሐምሌን እየጠበቀ ነው፤ ሐምሌ ላይ አዲስ አበባ ሄደው ቦሌ ያስነቅሉታል። ከአውሮፕላን ትኬቱ ጋር እንኳ ተደምሮ እዚያ ይረክሳል ይላሉ። በዓለም አንደኛ የሆነው ሀገር አንድ መንጋጋ ስላቃተው እኮ ደረጃው አይቀንስም! ነፃነት ማለት ጥርስን በፈለጉት አህጉር የማስነቀል መብት ነው።

የጋሼ ልጅ ጠዋት ጠዋት ትምህርት ቤት ውስጥ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ለባንዲራ የታማኝነት ቃል ይገባል። ጋሼ ይህን ሲያወሩ ዓይናቸው እንባ ያቀርራል። የመንግሥት ድጎማ የሚባለውን ሁሉ ግን «ሶሻሊዝም» ብለው ነው የሚጠሩት፤ ደርግን ያየ ሰው አይፈረድበትም። ቢሆንም ያንን ቃል እ.ኤ.አ. በ1892 የጻፈው ፍራንሲስ ቤላሚ የተባለ የባፕቲስት ሰባኪ፣ ራሱን ክርስቲያን ሶሻሊስት ብሎ የሚጠራ ሰው ነበር። ቃሉን ያሳተመው መጽሔትም ለትምህርት ቤቶች ባንዲራ ይሸጥ ነበር። ጋሼ እንዲህ ያለውን ዝርዝር ባለማወቃቸው ደስተኛ ናቸው፤ ደስታቸውን የሚያደፈርስ እጁ ይሰበር።

የስዊድኑም ልጅ ታሪኩን ባይጠይቅ ይሻለዋል። የሚመካበት ሥርዓት የተገነባው ሀገር መውደድ ኋላ ቀርነት ነው በሚሉ ሰዎች አይደለም። ፔር አልቢን ሃንሰን እ.ኤ.አ. በ1928 ሀሳቡን ለፓርላማ ሲያቀርብ ስሙን «የሕዝብ ቤት» ነው ያለው። በጥሩ ቤት ውስጥ የእንጀራ ልጅ የለም፣ ሀገርም እንዲሁ ትሁን ነው ነገሩ። ጀርመንን ካነሳን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1883 የሠራተኞችን የጤና መድን ያወጀው ቢስማርክ ነው። ሰውየው በርኅራኄ አይታማም፤ ሠራተኛው ሶሻሊስቶቹን ትቶ ንጉሡን እንዲወድ ፈልጎ ነው። ካናዳውያንም እ.ኤ.አ. በ2004 በቴሌቪዥን «ታላቁ ካናዳዊ ማነው?» ተብለው ሲጠየቁ የመረጡት የጦር ጄኔራል አልነበረም፤ የመንግሥት ሕክምናን በሳስካችዋን ያስጀመረውን ቶሚ ዳግላስን ነው። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ2012 የለንደን ኦሊምፒክ ሲከፈት ለዓለም ሕዝብ ያሳዩት የሆስፒታል አልጋና የሚጨፍሩ ነርሶችን ነው። በነዚህ ሀገሮች ባንዲራውና የሕክምና ካርዱ አንድ ኪስ ውስጥ ይቀመጣሉ። «ሀገር ፍቅር ይበልጣል ወይስ ድጎማ?» የሚለው ሚዛን የተሠራው ሁለቱንም ሳይከፍል ለሚወድ ሰው ነው።

በዚህ ሁሉ ፍልሚያ መሀል አንዲት ሀገር ስሟ ሳይነሳ ቀረ። የኢትዮጵያ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለወለደች ሠራተኛ 120 ቀን ከሙሉ ደመወዝ ጋር ይሰጣል፤ ለአባት ደግሞ ሦስት ቀን። የአሜሪካ ፌዴራል ሕግ እ.ኤ.አ. ከ1993 ጀምሮ የሚሰጠው 12 ሳምንት ነው፤ ያውም ያለ ክፍያ፣ ያውም ለሁሉም ሠራተኛ አይደለም። በክርክሩ ሕግ መሠረት ኢትዮጵያ አሜሪካን በዝረራ አሸነፈች ማለት ነው! እልል ያለ ግን አልነበረም፤ ቤት ሙሉ ሰው ይህን አዋጅ አያውቀውም። ለሀገራችን ሲሆን ወኔ እንጂ መረጃ አንይዝም። ብናውቀው ኖሮ ደግሞ ቀጥሎ ያለውን ጥያቄ ማንሳት ግድ ይሆንብን ነበር፤ ገበሬዋ ስንት ቀን ታገኛለች? ጉሊት የምትቸረችረውስ? አዲስ አበባ እናታችንን የምታስታምምልን የቤት ሠራተኛስ? አዋጁ እነዚህን አይነካም። እንዲህ ያለ ጥያቄ ጨዋታ ያበላሻል፤ የስዊድንን 480 ቀን መቁጠር ይሻላል።

ክርክሩ ሊለይለት ሲል የእድሩ ጸሐፊ መዝገቡን ይዞ ገባ። አስከሬኑ ወደ ሀገር ቤት ሊሸኝ ነው፤ የእድሩ ገንዘብ አይበቃም። መንግሥት ኪሳቸው ውስጥ እጁን እንዳይከት የሚሟገቱት ጋሼ ማንም ሳይጠይቃቸው መቶ ዶላር አወጡ፣ አንሷል ብለው ሌላ መቶ ደገሙ። ልጁም የላፕቶፑን ገንዘብ ከፍሎ ሰጠ። «ሟች ይህን ያህል ሠርቷል ወይ? ታክስ ከፍሏል ወይ? ከየት ክፍለ ሀገር ነው?» ያለ አልነበረም። «ይህ ነገር ሶሻሊዝም እንዳይሆን» ብሎ የሰጋም አልነበረም። ወዲያው ሁለቱም ወደ ክርክራቸው ተመለሱ። አሁን በእጃቸው ያደረጉት ነገር ከሚከራከሩበት ጉዳይ ጋር ግንኙነት እንዳለው የሚነግራቸው ፖለቲከኛ አላገኙም።

ስዊድንም በሉት ካናዳ፣ ነገሩ ትልቅ እድር ነው። ወርኀዊ መዋጮ አለው፣ ጸሐፊ አለው፣ የሚያጭበረብር አባል አለው፣ «ለምን እከፍላለሁ?» የሚል አለው። ልዩነቱ የማያውቁት ሰው ሲሞትና ሲታመምም መክፈልን መጠየቁ ነው። ለዘመድና ለጎረቤት መቶ ዶላር የሚዘረጋው እጃችን ለማናውቀው ሰው ሲሆን የሚታጠፈው ለምን እንደሆነ ብንከራከር፣ እውነተኛ ክርክር ይሆን ነበር። እሱ ግን ራስን መመርመር ይጠይቃል፤ የሰውን ሀገር ማሞገስ ደግሞ ነፃ ነው።

ስለዚህ ውድ አንባቢ፣ በሚቀጥለው ሰርግ «የቱ ሀገር ይበልጣል?» ብሎ የሚነሳ አርበኛ ሲገጥምህ ስለ ሀገሩ አትጠይቀው። ለዚያ ሀገር ምን እንዳዋጣ፣ ሀገር ቤት ላሉት ለእነዚያ አዋጁ ላልነካቸው ሴቶች ደግሞ ምን እንዲደረግ እንደጠየቀ ጠይቀው። መልስ ካለው አብረኸው ተከራከር። መልስ ከሌለው በሰው ወርቅ አይደምቁ በለውና ምግቡ ሳይቀዘቅዝ ብላ።