ባሕር የሌለው የዶልፊን ደጋፊ

ከአዲስ አበባ የመጣ ዶልፊን ወዳድ ወጣትና ምላሱ የማያርፍ የገሰራ ገበሬ ባሌ ሮቤ ላይ አንድ የሻይ ጠረጴዛ ቢጋሩ፣ ተረቡ በዚህ መንገድ መሄዱ አይቀርም።

«ጋሼ፣ ዶልፊን የሚባል እንስሳ ያውቃሉ?»

«በቴሌቪዥን አውቀዋለሁ። አንተስ?»

«እኔም በቴሌቪዥን።»

«እኩል ነና! ታዲያ ምን ያኮራሃል? አገራችን ባሕር በር ካጣች ከ30 ዓመት በላይ ሆናት፤ አንተ ግን ዋናተኛ ትደግፋለህ።»

«ዓሣ እንዳይመስልዎት። በሳንባው ነው የሚተነፍሰው፤ ግልገሉንም ያጠባል።»

«ላሜም ታጠባለች። ፊልም የሠራላት የለም።»

«አንጎሉ ከሰው አንጎል ይከብዳል እኮ! የእኛ 1.3 ኪሎ ገደማ ነው፤ የእሱ ከ1.5 ይበልጣል።»

«ይክበደው፣ ይገባዋል! ቅድመ አያቶቹ የብስ ላይ አልነበሩም? የዛሬ 50 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ጓዛቸውን ጠቅልለው ባሕር ገቡ። ሰው ገና ሳይፈጠር ከሰው የሸሸ፣ ሌላ ምን የብልህነት ማስረጃ ያምጣ?»

«እያንዳንዱ ዶልፊን የራሱ ፉጨት አለው፤ ስሙ ይበሉት። ያንኑ ፉጨት አስመስለው ሲያሰሙት ‹አቤት› ብሎ ይመልሳል። ከ20 ዓመት በላይ የተለየውን ጓደኛውን እንኳ በፉጨቱ ይለየዋል።»

«ድንቅ ነው። አንተ የምትኖረው የት ነው?»

«ኮንዶሚኒየም።»

«ከላይህ ያለው ጎረቤትህ ማን ይባላል?»

«…»

«ሻይህን ጠጣ።»

«አውስትራሊያ ሻርክ ቤይ የሚባል ቦታ ደግሞ፣ የባሕሩን ወለል ሲፈትሹ አፍንጫቸው እንዳይላጥ የባሕር ስፖንጅ ያጠልቁበታል። ብልሃቱን እናት ናት ለልጅ የምታስተምረው፤ በተለይ ለሴቶቹ።»

«ልጆቹ ምክር ይሰማሉ?»

«ይሰማሉ።»

«በቃ፣ አሁን አመንኩህ። ከእኛ ይበልጣሉ።»

እስከዚህ ድረስ ገበሬው ሲከላከል ነበር። አሁን ሻይውን አስቀምጦ ማጥቃት ጀመረ።

«ሳነቴ ወጥተህ ታውቃለህ?»

«ይበርዳል ሲሉ ሰምቼ ቀረሁ።»

«የዶልፊንህ ባሕር ፍል ውኃ ነው እንዴ? ከጎባ ትንሽ ሽቅብ ስትል 4 ሺህ ሜትር ላይ ትደርሳለህ። እዚያ ቀይ ቀበሮ አለ። ከኢትዮጵያ ውጭ በዓለም የትም የለም። ለአካለ መጠን የደረሱት 500 አይሞሉም፤ ከነሱም ከግማሽ በላይ የሚሆኑት የእኛው የባሌ ናቸው።»

«እሺ፣ ቀበሮ ነው። ምን ብልሃት አለው?»

«ብቻውን ያድናል፣ በማኅበር ይኖራል። ሲነጋና ሲመሽ ከመንጋው ጋር ተሰብስቦ ወሰኑን ይዞራል፤ ያለ ካርታ፣ ያለ ክስ። በመንጋው የምትወልደው አብዛኛውን ጊዜ አለቃዋ ብቻ ናት፤ ሌሎቹ ሥጋ እያመጡ ቡችሎቿን ያሳድጉላታል። ሞግዚት ‹ደመወዝ አነሰኝ› ብላ የማትሄድበት አገር ነው።»

«ዶልፊን ከዓሣ አጥማጆች ጋር ተባብሮ ያድናል፤ ብራዚል ላጉና ላይ።»

«የእኛ ደግሞ ከዝንጀሮ ዘር ጋር! መንዝ ጓሳ ላይ ሣር ከሚግጥ የጭላዳ መንጋ መሀል ገብቶ አይጥ ይለቅማል። በ2007 ዓ.ም. የታተመ ጥናት እንዳለው፣ ከጭላዳ መሀል ሲሆን ከ100 ሙከራው 67ቱ ይሳካለታል፤ ብቻውን ሲሆን 25ቱ። ምስጢሩ የጭላዳን ግልገል አለመንካቱ ነው። እኛ ብንሆን በመጀመሪያው ቀን ግልገሉን በልተን በሁለተኛው ቀን ሽምግልና እንልክ ነበር።»

«ሥጋ በል ግን ሥጋ በል ነው፣ ጋሼ።»

«ተሳሳትክ። በ2017 ዓ.ም. የወጣ ሌላ ጥናት እዚሁ ባሌ ላይ ከአበባ ወለላ ሲልስ አግኝቶታል። አንዳንዱ በአንድ ጉዞ እስከ 30 አበባ ይጎበኛል። አፍንጫው በአበባ ብናኝ ስለሚሸፈን አበባ ሳያዳቅል አይቀርም ተብሏል። ፍልፈሉን በልቶ ማር የሚቀምስ ጨዋ!»

«ዶልፊን ግን ለባሕሩ ጤና ያስፈልጋል። ዓሣውን ይመጥናል፤ እሱ ሲታመም ባሕሩ መታመሙ ይታወቃል።»

«ቀበሮውም አይጡንና ፍልፈሉን ይመጥናል፤ እሱ ሲጠፋ ተራራው መታመሙ ይታወቃል። ተራራው ከታመመ ደግሞ ወሬው ያንተ ዶልፊን ዘንድ ይደርሳል። ወይብ ወንዝ ከባሌ ተነሥቶ ሶፍ ዑመር ዋሻን ሰንጥቆ ይወርዳል፤ በዶሎ አካባቢ ከገናሌ ይቀላቀላል፤ ሶማሊያ ሲገባ ጁባ ተብሎ ኪስማዩ አጠገብ ሕንድ ውቅያኖስ ይገባል። ባሕር ባይኖረንም ለባሕር ውኃ እንልካለን። ደረሰኝ ግን አልተሰጠንም።»

ወጣቱ ተሸንፎ ሊነሣ ሲል አንድ ጥያቄ ትዝ አለው።

«ይህን ያህል ብልህ ከሆነ ለምን ያልቃል?»

«ከውሻ በሚተላለፍ በሽታ። የእብድ ውሻ በሽታ ከ1984 ዓ.ም. ወዲህ ደጋግሞ ገብቶ ባሌ ላይ ፈጅቶታል። እርሻውና ግጦሹ ሽቅብ በወጣ ቁጥር ውሻው ተከትሎ ይወጣል፤ ቀበሮውም የሚሸሽበት ጫፍ አጣ። በነሐሴ 2010 ዓ.ም. ክትባቱን ሥጋ ውስጥ ደብቀው ለቀበሮዎቹ በሰፊው ማደል ተጀምሯል።»

«እሱስ ጥሩ። የእርስዎ ውሻ ተከትቧል፣ ጋሼ?»

«…»

«ሻይዎን ይጠጡ።»

ዳኝነቱ ለአምደኛው ይተውና፣ ነጥቡ አንድ ለአንድ ነው። ዶልፊንን ለማድነቅ ቴሌቪዥን ይበቃል፤ ቀይ ቀበሮን ለማቆየት ግን የእያንዳንዱ ቤት ውሻ ይቆጠራል። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ ሁላችንም አጨበጨብን። ጭብጨባ ግን የእብድ ውሻ በሽታን አይከላከልም። በሽታው ደግሞ ቀበሮ ብቻ አይደለም የሚገድለው፤ ምልክቱ ከታየ በኋላ ሰውንም አይምርም።

ስለዚህ የገሰራ፣ የሮቤ፣ የጎባና የዲንሾ ሰው ሆይ፦ ክትባት ሰጪዎች ሰፈርህ ሲመጡ ውሻህን ይዘህ ውጣ። ከብት ይዘህ ወደ ሳነቴ ስትወጣ ደግሞ ውሻህን እቤት አስረህ ተው።