በማኅበር ቤት የፈንድ ሊቅ ለመባል

ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ በማኅበር ቀን፣ ቡናው ሁለተኛ ሲደርስ ስልክህን አውጣና የጡረታ ፈንድህን አሳይ። በጥር 10,000 ዶላር ነበረህ፤ ዓመቱን ሙሉ ከደመወዝህ 6,000 ተቆረጠ፤ ዛሬ 17,000 ሆኗል። «70 በመቶ አደገልኝ!» በል። ስድስቱ ሺህ የራስህ ላብ መሆኑን፣ ፈንዱ የሠራው አንዷን ሺህ ብቻ መሆኑን አታንሣ። አሠሪህ የጨመረልህ ካለም ከትርፉ ቁጠረው።

ስለ ፈንዱም ስታወራ እንዲሁ አድርግ። ጠቅላላ ሀብቱ ከአምናው ከበለጠ «አያያዛቸውን አወቁበት» በል። አዲስ ሰው ገንዘብ ይዞ ገብቶ እንደሆነ አታጣራ። እድር አባል ሲበዛለት ሣጥኑ ይሞላል፤ እድሩ አተረፈ የሚል ሰው ግን ሰምተህ ታውቃለህ? ታዲያ እዚህ ሲደርስ ምን ነካህ!

ይቅር፣ ወደ ምክራችን እንመለስ። ዕድገቱ ካነሰብህ በብር መንዝረው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 አልፏል። ብሩ የወደቀውን ያህል ፈንድህ ጎበዘ በል።

አማካይ ስታወጣ ደምረህ አካፍል፤ ሌላ ስሌት አያስፈልግህም። የአሜሪካ የአክሲዮን ገበያ መለኪያ የሆነው ኤስ ኤንድ ፒ 500 የትርፍ ድርሻው ተጨምሮበት በ2008 እ.ኤ.አ. 37 በመቶ ወረደ፤ በ2009 ደግሞ 26.5 በመቶ ወጣ። «በዓመት 5 በመቶ ብቻ ነው የጎደለው» ብለህ አጽናና። 100 ዶላር የነበረው ሰው መጀመሪያ 63 ቀርቶታል፤ 26.5 በመቶው የተጨመረው በዚያች በ63ቷ ላይ ነው። ሁለቱ ዓመት ሲያልቅ በእጁ 80 እንኳ አልሞላም። አንተ ግን ለሁለት አካፍል።

የአንድ ድርሻ ዋጋ 20 ዶላር ከሆነ ርካሽ፣ 400 ከሆነ ውድ ነው በል። ዋጋው የፈንዱ ንብረት ዕዳው ተቀንሶ፣ ለድርሻዎቹ ቁጥር ተካፍሎ፣ በየሥራ ቀኑ ገበያ ሲዘጋ የሚወጣ ነው፤ ለብቻው ርካሽም ውድም አይደለም። በዲሴምበር ፈንዱ ትርፍ ሲያከፋፍል የድርሻው ዋጋ በዚያው ልክ ዝቅ ይላል። ያኔ «ተበላን!» ብለህ ጩኽ።

ፈንዱ ስለሚወስድብህ ክፍያ ዝም በል። 10,000 ዶላር በዓመት 7 በመቶ እያደገ 30 ዓመት ቢቀመጥ 76,000 ይሆናል፤ 1 በመቶ ለክፍያ ከሄደ 57,000 ገደማ።

ከማኅበርተኞቹ አንዷ፣ ሌሊቱን አረጋውያን ስትጠብቅ የምታድር እህት፣ 70 በመቶህን ሰምታ የቤት ኪራይዋን ፈንዱ ውስጥ ልትከት ነው። እሷን እያየህ እንዴት አታፍርም? የሩብ ዓመቱ መግለጫ ያስገባኸውን ለብቻ፣ ፈንዱ ያስገኘውን ለብቻ ጽፎ ይመጣልሃል። ፖስታውን እንደታሸገ መሳቢያ ውስጥ ወርውረውና ሦስተኛውን ቡና ጠጣ።