ኮክ ለማበስበስ የሚበጅ ምክር

ይህ ምክር የተጻፈው የለቀመው ኮክ ገበያ ሳይደርስ እንዲበሰብስለት ለሚፈልግ ሰው ነው። ከዚህ በታች የሚነገረው ሁሉ በትክክል ይሠራል። ፍሬውን ያለ ፀረ ፈንገስ ኬሚካል ማትረፍ የሚሻ ደግሞ እያንዳንዱን ምክር ገልብጦ ይያዝ፤ እኔም ከልቤ የምመኘው ይህንኑ ነው።

ሥራው የሚጀምረው ከለቀማው ብዙ ወራት በፊት ነው። ባለፈው ዓመት በስብሰው፣ ደርቀውና ተጨማደው ቅርንጫፍ ላይ የቀሩትን ፍሬዎች አይንኩ። ከዛፉ ሥር የወደቁትንም ባሉበት ይተዉ። ሞኒሊኒያ የተባለው ፈንገስ በኮክ፣ በፕለምና በአፕሪኮት ላይ ቡናማ ብስባሴ የሚያመጣው ነው፤ ከአንዱ ወቅት ወደ ሌላው የሚሻገረውም በእነዚህ ፍሬዎች ውስጥ ሆኖ ነው። ዛፉ ሲያብብ ብናኙ በነፋስና በዝናብ ጠብታ ይበተናል። አበባውን ያጠወልጋል፤ ለጋው ፍሬ ላይ ያረፈው ደግሞ ምንም ምልክት ሳያሳይ ይቆያል። ፍሬው ሲበስል፣ ስኳሩ ሲጨምርና ሥጋው ሲለሰልስ ያን ጊዜ ይነሳል። ገበያ ላይ «ትናንት እኮ ደህና ነበር» የሚባልለት ኮክ ብዙ ጊዜ ሕመሙን ከዛፉ ይዞ የመጣ ነው። ቅርንጫፉንም አይግረዙ። ነፋስና ፀሐይ የማይገባበት ዛፍ ከዝናብ በኋላ ቶሎ አይደርቅም፤ ፈንገሱም የሚፈልገው ይህንኑ እርጥበት ነው።

ለቀማው ሲደርስ ዛፉን ያራግፉ፣ ወይም በዱላ ያውርዱ። ዝናቡ እንዳባራ፣ ፍሬው ውሃ እንዳቀረረ ቢለቅሙ ደግሞ የበለጠ ይሳካል። ከዚያ በማዳበሪያ ከረጢት እስከ አፉ ድረስ ይሙሉት፤ ከረጢቱን በከረጢት ላይ ይጫኑ፤ መኪናው ላይም ሰው ይቀመጥበት። ከታች ያለው ኮክ ይጨፈለቃል፣ የመሃሉ ይሰነጠቃል፣ የላይኛው ደግሞ በጥፍርና በእንጨት ይጫራል። ራይዞፐስ የተባለው ሻጋታ ፍሬ ውስጥ ለመግባት የሚጠብቀው እንዲህ ያለ ቁስል ነው። ነጭ ክር ያበቅላል፣ በክሩ ጫፍ ጥቁር ነጥብ ይይዛል፣ ፍሬውን ወደ ውሃነት ይለውጠዋል፤ ሽታውም የኮመጠጠ ነው። አንዴ ከገባ ጎረቤቱ ያለው ፍሬ ቁስል ባይኖረው እንኳ አይተርፍም፤ ከበሰበሰው የሚወጣው ፈሳሽ የጤነኛውን ቆዳ ያሟሟል። ስለዚህ አንዲት የተመታች ኮክ ከመሃል መተው ብቻውን በቂ ነው። መለየት፣ መምረጥ፣ ጥልቀት በሌለው ሣጥን በሁለት ረድፍ መደርደር ጊዜ ይወስዳል፤ ለማበስበስ ለፈለገ ሰው ደግሞ ጊዜ ማባከን ነው።

የተለቀመውን በበርሜል ውሃ ይጠቡ፤ ውሃውንም ከጠዋት እስከ ማታ አይቀይሩ። የበሰበሰውም ጤነኛውም በአንድ ውሃ ሲነከር፣ ጠዋት በሦስት አራት ፍሬ ላይ የነበረው ብናኝ ማታ ለሁሉም ይዳረሳል። ሳይደርቅ ቢታሸግ ውጤቱ ያማረ ይሆናል።

አሁን ዋናው ነገር ላይ ደረስን፤ እሱም ሙቀት ነው። ፍሬው ፀሐይ ላይ ይዋል፤ በሸራ በተሸፈነ መኪና ላይ ይደር። ቡናማ ብስባሴ 25 ዲግሪ አካባቢ እንደ ልቡ ያድጋል፤ ራይዞፐስም ሙቀት ይወዳል። ፍሬው ከዛፍ እንደወረደ ጥላ ሥር ቢያርፍ፣ በጥቂት ሰዓታት ውስጥም ቢቀዘቅዝ ግን ራይዞፐስ ከ4 ዲግሪ በታች ማደግ ያቆማል። ሞኒሊኒያ በዜሮ ዲግሪም ፈጽሞ አይቆምም፤ ሆኖም በጣም ይዘገያል። ለኮክ የሚመቸው ዜሮ ዲግሪ አካባቢ፣ ከ90 እስከ 95 በመቶ የአየር እርጥበት ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ደግ ሰዎች የሚሳሳቱበት ቦታ አለ፤ ረጋ ብዬ ልናገረው። ያልበሰለ ኮክ በሙሉ ቅዝቃዜና በሙቀት መካከል ባለ ቦታ ለሳምንታት ይቀመጥ። ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ገደማ ያለው ቅዝቃዜ፣ ማለትም የቤት ማቀዝቀዣ የሚቆምበት፣ ለኮክ ከሁሉ የከፋው ነው። የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ዴቪስ ባለሙያዎች አምራቹንም ቸርቻሪውንም አጥብቀው የሚያስጠነቅቁት ከዚህ የሙቀት መጠን ነው። ፍሬው ላይ ሻጋታ ላይታይበት ይችላል፤ ሲቆረጥ ግን ውስጡ ቡናማ ነው፣ ሥጋው ዱቄት ዱቄት ይላል፣ ጭማቂም የለውም። ቤት ውስጥ ያለ ሰው ኮኩን መጀመሪያ ውጭ አስቀምጦ ማብሰል፣ ከበሰለ በኋላ ደግሞ ለጥቂት ቀን ብቻ ማቀዝቀዣ ውስጥ ማስገባት ይችላል።

ከኬሚካል ነፃ ከሆኑት መንገዶች እኔ ከሁሉ በላይ የማደንቀው ሙቅ ውሃን ነው። የአሜሪካ ግብርና መሥሪያ ቤት ተመራማሪዎች በ1960ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ኮክን 50 ዲግሪን በትንሹ ባለፈ ውሃ ለሁለት ሦስት ደቂቃ መንከር ሁለቱንም ብስባሴዎች እንደሚቀንስ አሳይተዋል። በስፔን የተሠሩ ኋለኛ ጥናቶች ደግሞ ውሃውን ወደ 60 ዲግሪ አድርሰው ጊዜውን ከአንድ ደቂቃ በታች አውርደውታል። ሙቀቱ ከቆዳው ሥር ተደብቆ ያለውን ለጋ ፈንገስ ይደርስበታል፤ ይህን በተራ እጥበት ማግኘት አይቻልም። ሊያበላሹት ከፈለጉ ቴርሞሜትር አይግዙ፤ ውሃውን በእጅዎ ይለኩ። ሙቀቱ ቢበዛ ቆዳው ይቃጠላል፣ ቢያንስ ብናኙ ታጥቦ ከፍሬ ወደ ፍሬ ይዞራል። ነክረው ሲያወጡም ሳያቀዘቅዙና ሳያደርቁ ወደ ቆሸሸው ሣጥን ይመልሱት። ሙቅ ውሃ ያለውን ይገድላል እንጂ ነገ ለሚመጣው አጥር አይሆንም።

ጠቃሚ ባክቴሪያም አለ። በ1984 (እ.ኤ.አ.) ተመራማሪዎቹ ፒዩዚና ዊልሰን ባሲለስ ሰብቲሊስ የተባለው ባክቴሪያ ከለቀማ በኋላ በኮክ ላይ ቡናማ ብስባሴን እንደሚከላከል ጽፈዋል፤ ለዘርፉም በር የከፈተ ሥራ ነበር። እንዲህ ያሉ ረቂቅ ሕያዋን የሚጠቅሙት ከፈንገሱ ቀድመው ቁስሉ ላይ ሲደርሱ ነው። ስለዚህ ፍሬው መበስበስ እስኪጀምር ጠብቀው ይርጩ፤ ገንዘብዎም ፍሬዎም አብረው ይሄዳሉ።

የበሰበሰውን ቆርጠው ቀሪውን ለልጅ መስጠትም ልማድ ሆኗል። ፔኒሲሊየም ኤክስፓንሰም የተባለው ሰማያዊ ሻጋታ ፓቱሊን የሚባል መርዝ ያወጣል፤ ለስላሳ ፍሬ ውስጥ መርዙ ሻጋታው ከሚታይበት አልፎ ሊዘልቅ ይችላል። ይህን ልማድ ማንም እንዲከተለው አልፈልግም፤ የሻገተ ኮክ ሙሉውን ይጣል።

በእኔ እምነት ከዚህ ሁሉ ብስባሴ ትልቁ ድርሻ የገዢው ነው። ለለቃሚ በኪሎ ብቻ የሚከፈል ከሆነ ከረጢት ይሞላል፣ ዛፍ ይራገፋል፤ ማንም ሰው ኮክን እንደ እንቁላል በእጁ አያወርድም። እናንተ ነጋዴዎችና የኅብረት ሥራ ማኅበራት፣ ከሚቀጥለው ለቀማ በፊት ጥልቀት የሌላቸው ሣጥኖች አቅርቡ፤ ሳይመታ ለመጣ ኮክም ከፍ ያለ ዋጋ ክፈሉ።