አፈር ስሆን ብላ

የእህቴ ልጅ ከቨርጂኒያ የመጣው ላለመሞት ወስኖ ነው። በቤተሰባችን ብዙ ሰው ብዙ ነገር ወስኖ ያውቃል፤ ሲጋራ ለማቆም፣ ዕቁብ ለመግባት፣ ከወንድሙ ጋር እስከ ፋሲካ ላለመነጋገር። ላለመሞት የወሰነ ግን እሱ የመጀመሪያው ነው። ሻንጣው ሲከፈት ጫማና ሽቶ ሲጠባበቅ የነበረው ዘመድ አዝማድ ያገኘው የእንክብል ብልቃጥ ብቻ ነው። አንዱን አንስተው «ይኼስ የማነው?» ሲሉት፣ «የኔ»። ሌላውን ሲያነሱ፣ «እሱም የኔ»።

«አሞሃል እንዴ ልጄ?» አለች እቴቴ ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

«ኧረ ደህና ነኝ። እንዳያመኝ ነው።»

«እንዳያምህማ ጠበል አለልህ።»

እቴቴ የአባቴ ታላቅ እህት ናት። ዕድሜዋን ስትጠየቅ «ጣልያን ሲወጣ ድክ ድክ እል ነበር» ትልና ስሌቱን ለጠያቂው ትተዋለች። እንግዳ መጣ ከተባለ ከዋዜማው ጀምራ ሽንኩርት የምታቁላላ ሴት ናት፤ ያን ዕለትም ዶሮው፣ አይቡ፣ ጎመኑ ተደርድሮ ቀረበ። ልጁ ሰዓቱን አየ። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ሆኗል። ከረፋዱ አምስት ሰዓት በኋላ እህል እንደማይቀምስ በትሕትና ተናገረ።

አርአያው ብራያን ጆንሰን የሚባል አሜሪካዊ ባለጸጋ ነው። ሰውዬው ድርጅቱን በ800 ሚሊዮን ዶላር ከሸጠ በኋላ ሞትን ፍርድ ቤት አቁሞ መሟገት ነው የቀረው፤ ለሰውነቱ እንክብካቤ በዓመት 2 ሚሊዮን ዶላር ያህል ያወጣል ይባላል። የቀኑን የመጨረሻ ማዕድ የሚበላው ረፋድ ላይ ነው። አንድ ሰሞን እንዲያውም የ17 ዓመት ልጁን የደም ፕላዝማ ተቀብሎ በራሱ ሰውነት ውስጥ አስገብቶ ነበር፤ የረባ ለውጥ ባያይ ተወው። ይህን ሁሉ ለእቴቴ ሳስረዳት ገንዘቡ አልገረማትም።

«ከልጁ ደም?» አለች። «ወላጅ አይደል እንዴ ለልጁ ደሙን የሚሰጥ?»

የምግቡ ነገር ግን ወዲያው ገባት። እሷም በሁዳዴ እስከ ዘጠኝ ሰዓት አትቀምስም። «እና ያንተው መቼ ይፈታል?» ብላ ጠየቀችው።

«አይፈታም።»

«ለበዓልም?»

«ለበዓልም።»

ፋሲካ የሌለው ሁዳዴ! ሰማንያ ዓመት ስትጾም ኖራ እንዲህ ያለ ጉድ ሰምታ አታውቅም። እጇን ታጠበችና ግማሽ እንቁላል ያዘለ፣ የሕፃን ቡጢ የሚያህል ጉርሻ ጠቅልላ ወደ አፉ ዘረጋች። «አፈር ስሆን!»

ልጁ አማርኛ ይችላል። ነገር ግን የተማረው እዚያው ቨርጂኒያ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ከመጽሐፍ ስለሆነ ቃሉን በቁሙ ነው የሚወስደው። ደንግጦ ወደኔ ዞረ።

«ጋሼ፣ ለምንድን ነው አፈር የምትሆነው?»

«እንድትበላላት።»

«ባልበላስ?»

«ያው መሆኗ አይቀርም። ብትበላላት ግን ደስ ብሏት ትሆናለች።»

በላ። አንድ ጉርሻ ያጣላል ተባለና ሁለተኛው መጣ፤ ሦስተኛው «በሞቴ» ተብሎ ነው የገባው። በሦስት ደቂቃ ውስጥ አንዲት አሮጊት ሦስት ጊዜ ሞታለት አንድ የዶሮ እግር አወረደ።

ቡናው ሲፈላ ልጁ ሳይንሱን ያስረዳን ጀመር። እውነቱን ለመናገር ደስ የሚል አነጋገር አለው። የሰውነታችን ሴል እየተከፈለ ይባዛል፤ ግን ማለቂያ የለውም ማለት አይደለም። ሊዮናርድ ሄይፍሊክ የተባለ ሊቅ በ1961 እ.ኤ.አ. እንዳሳየው፣ የሰው ሴል ሃምሳ ጊዜ ገደማ ከተከፈለ በኋላ ይበቃኛል ብሎ ይቆማል። «ሃምሳ ጊዜ እሺ ካለ ደግ ነው» አለች እቴቴ፤ የቤት ሠራተኛዋን ማለቷ ይሁን ሴሉን አልገባኝም።

«የማያቆምም አለ» አለ ልጁ፣ ዓይኑ እየበራ። ሄንሪዬታ ላክስ የምትባል ጥቁር አሜሪካዊት በ1951 እ.ኤ.አ. ባልቲሞር ሆስፒታል ገብታ ሐኪሞቹ ከማኅፀኗ በር ላይ ሳያስፈቅዷት ሴል ወሰዱ። እሷ በዚያው ዓመት በ31 ዓመቷ አረፈችና እዚያው እሱ ባለበት ቨርጂኒያ ተቀበረች። ሴሏ ግን እስካሁን በየአገሩ ቤተ ሙከራ ይባዛል፤ የፖሊዮ ክትባት ሲሞከር ያገለገለው እሱ ነው። «አየሽ አክስቴ፣ የማይሞት የሰው ሴል ማለት ነው።»

«ምን አሟት ነበር?»

«ካንሰር። ሴሉም የተወሰደው ከዕጢው ነው።»

እቴቴ የቶናውን ስኒ አስቀመጠች። «ታዲያ አልሞት ያለው ነቀርሳው ነዋ! እሷማ ሞታለች።»

ልጁ ዝም አለ። እኔም ዝም አልኩ። በረካው እስኪመጣ ማንም ስለ ሴል አላነሳም።

ያን ዕለት ማታ እንቅልፍ እምቢ ቢለኝ፣ ሞት ከአገር ቢጠፋ አማርኛ ምን ይውጠዋል እያልኩ እቆጥር ጀመር። እንግዳ የሚበላው በሞቴ ነው። ልመና ስሞትልህ ነው። መሐላ እኔ ልሙት ነው፤ ጓደኛ ካላመነ «እስቲ ሙት በለኝ» ይላል። እምቢታ «ሞቼ ነው ቆሜ!» ነው። ፍቅር ሞቼልሻለሁ፣ ሳቅ በሳቅ ሞትኩ፣ ሐፍረት በሐፍረት ሞትኩ። ይህን ሁሉ ስናወጣው የሚቀረን «ደህና ዋልክ» እና «ስንት ነው?» ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

ስንት ነውም ቢሆን ችግር አለበት። መርካቶ ገብተህ ዋጋ ስትከራከር ነጋዴው «እናቴ ትሙት፣ የመጣበትን ነው የነገርኩህ» ይልሃል። የመርካቶ ነጋዴ እናት በቀን አርባ ጊዜ ትሞታለች፤ ማታ ራት ሠርታ ትጠብቀዋለች። እናቲቱ ዘላለማዊ ብትሆን ይህ ሰው በምን ሊምል ነው? ደረሰኝ ቆርጦ ሊሰጥ?

ደግሞም «ሺ ዓመት አይኖር!» የሚባል ነገር አለን። በዚህ ዓረፍተ ነገር ስንት ኪሎ ጥሬ ሥጋ እንደታዘዘ፣ ስንት ሁለተኛ ቢራ እንደተከፈተ ልኳንዳ ቤቶች ያውቃሉ። ሰው እውነት ሺ ዓመት የሚኖር ከሆነ ማን ነው ዛሬ ቁርጥ የሚጋብዘኝ? «ምን አስቸኮለህ፣ የዛሬ ሦስት መቶ ዓመት እንበላለን» ይለኛል። ነገሥታቱን «ሺ ዓመት ያንግሥዎ» ይሏቸው የነበሩት መኳንንትም፣ እንደማይሆን ስለሚያውቁ ይመስለኛል እንደዚያ አፋቸውን ሞልተው የሚመርቁት። ምርቃቱ ቢሠራ ኖሮ ቴዎድሮስ፣ ዮሐንስና ምኒልክ ዛሬም አሉ ማለት ነው፤ ሦስቱም ዘውድ እንደደፉ፣ በአንድ አገር። እኔ እንኳን መካከላቸው ገብቼ ልሸመግል፣ በዚያ ሰፈር አላልፍም።

በወሩ የመጀመሪያ እሑድ እድር ስሄድ ነገሩን ለገንዘብ ያዣችን አነሳሁላቸው። ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር ናቸው፤ በእድራችን ታሪክ አንድ ብር ጎድሎባቸው አያውቅም።

«ጋሼ፣ አንድ አባል ባይሞትስ?»

«ለጊዜው ነው?»

«ጭራሽ።»

መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። «መዋጮውን እስከከፈለ ድረስ መብቱ ነው» አሉ። ጥቂት አሰቡና ጨመሩ፤ «ለቅሶ ግን አይቀርም። የቀረ ይቀጣል።»

አሁን ይህን ሰው በዓይነ ሕሊናችሁ እዩት። በየሳምንቱ ጥሩምባ ሲነፋ ይነሣል፤ ድንኳን ይተክላል፤ አግዳሚ ይሸከማል፤ ንፍሮ ይዘግናል፤ የልጁን፣ የልጅ ልጁን፣ የልጅ ልጅ ልጁን ቀብር ይወጣል፤ መዋጮ ይከፍላል። የሚቀብረው የለም። እሱ የሚከፍለው ሌላው ለሚሞተው ነው፣ ለዘላለም።

የዚህ ብጤ ነገር በፈረንሳይ እውነት ደርሷል ብዬ ለገንዘብ ያዡ አጫወትኳቸው። በዓለም ረጅሙን ዕድሜ እንደኖሩ የተመዘገበላቸው ዣን ካልማን የሚባሉ የአርል ከተማ ሴት ናቸው፤ 122 ዓመት ከ164 ቀን ኖረው በ1997 እ.ኤ.አ. አረፉ። በ90 ዓመታቸው አንድ የ47 ዓመት ውል አዋዋይ መጣና፣ እስኪሞቱ ድረስ በየወሩ 2,500 ፍራንክ ሊከፍላቸው፣ ሲሞቱ ቤታቸውን ሊረከብ ተፈራረመ። የዘጠና ዓመት አሮጊት ስንት ዓመት ይቀራታል ብሎ መሆን አለበት። ሠላሳ ዓመት ከፈለ። ከፍሎ ከፍሎ በ77 ዓመቱ ሞተ፤ አሮጊቷ አሉ፤ ሚስቱ መክፈል ቀጠለች።

ገንዘብ ያዡ 2,500ን በአሥራ ሁለት፣ ከዚያ በሠላሳ አባዙ። «ዘጠኝ መቶ ሺ!» ብለው ጭንቅላታቸውን ያዙ። «እድር አልነበረውም ሰውዬው?»

እሺ፣ አንዱ ብቻ ሳይሞት ሲቀር እንዲህ ከሆነ፣ ሁላችንም ባንሞትስ? እድሩ ይፈርሳላ። እኔ ደግሞ ከአጥር ማዶ ያሉትን ጎረቤቶቼን በስም የማውቃቸው በእድር ነው። አንደኛውን፣ ያንን መኪናውን በሬ ላይ የሚያቆመውን፣ የአባቴ አስከሬን ሲወጣ ከፊት ተሸክሞ ስላየሁት ነው እስካሁን ያልተካሰስነው።

ከሁሉ የከበደኝ ግን ሠርግ ነው። በእኛ ወግ ሰው ሊጋባ ሲል እስከ ሰባት ቤት ይቆጠራል። እስከ ሰባት ትውልድ ያሉት ወላጆች ሁሉ በሕይወት ቢኖሩ፣ ለአንድ ሙሽራ ከእናትና አባት ጀምሮ 254 ሰው ይመጣል። ለሁለቱ 508። አጎት፣ አክስት፣ የአጎት ልጅ ገና አልተጠራም፤ የመሥሪያ ቤት ሰው ገና አልተጠራም። እንግዲህ 508ቱም ሽማግሌዎች ናቸውና መመረቅ አለባቸው። አጭር የሚመርቅ ሽማግሌ አይቼ አላውቅም። በነፍስ ወከፍ አምስት ደቂቃ ብንል ከአርባ ሁለት ሰዓት በላይ ነው። ሙሽሮቹ «አሜን» እንዳሉ ሦስተኛው ቀን ይነጋባቸዋል።

ደግሞ ታናሽ ይላካል። ይህ ሕግ ነው። እኔ ጡረታ ልወጣ ሁለት ዓመት የቀረኝ፣ ጉልበቴን የሚያመኝ ሰው ነኝ። ግን ቅድመ አያቴ ካሉ፣ የሳቸው ቅድመ አያት ካሉ፣ በዚያ ሁሉ ድንኳን ውስጥ ጨቅላው እኔ ነኝ። «አንተ ልጅ! እስቲ ሮጥ በልና ጨው ግዛ!» የመቶ ዓመት ሰው ስሆንም እንደዚሁ፤ የሁለት መቶ ዓመት ሰው ስሆንም እንደዚሁ። አንቱታ የማገኝበት ቀን የለም። ማቱሳላ 969 ዓመት ኖረ ይባላል፤ አባቱ ሄኖክ በ365 ዓመቱ ስለተሰወረለት ነው ትንሽ ያረፈው እላለሁ። ካህናት ይቅር ይበሉኝ።

ይህን ሁሉ ካልኩ በኋላ አንድ ነገር ልናዘዝ። ልጁ ሊሄድ ሁለት ቀን ሲቀረው ለብቻው ጠራሁትና ከዚያ እንክብል ትንሽ እንዲተውልኝ ለመንኩት።

«ጋሼ! አንተም ለዘላለም መኖር ፈለግህ?»

«ኧረ እኔ ለዘላለም ምን ያደርግልኛል! ዕጣ እስኪደርሰኝ ብቻ ነው።»

በ1997 ዓ.ም. ለኮንዶሚኒየም ስመዘገብ ፀጉሬ ጥቁር ነበር። ዘላለም ለሌላው ሰው የፍልስፍና ጉዳይ ይሆናል፤ ለተመዝጋቢ ግን በተግባር የሚያስፈልግ ነገር ነው። መሬት በሊዝ ለያዘውም እንዲሁ ቀላል አይደለም፤ የመኖሪያ ቤት ሊዝ 99 ዓመት ነው፤ የማይሞት ሰው በመቶኛው ዓመት ዶሴውን ታቅፎ መስኮት ላይ ቆሞ «ኃላፊው የሉም፣ ነገ ይመለሱ» ሲባል ይታየኛል። እሱ ደግሞ ነገ የሚባለው ነገር አያልቅበትም።

ልጁ ሁለት ብልቃጥ ሰጠኝ። በለውጡ ይመስለኛል፣ ማታ ያየሁትን ለማንም እንዳልነግር አስማለኝ። ምን አየህ ካላችሁ፣ ከምሽቱ አራት ሰዓት ላይ ውኃ ልጠጣ ወደ እቴቴ ወጥ ቤት ስገባ፣ መብራት ሳያበራ ከድስቱ ቀዝቃዛ ዶሮ ወጥ በእንጀራ ሲያወጣ አገኘሁት። እኔ ልሙት ለማንም አልናገርም ብዬ ምያለሁ።

ቦሌ የሸኘነው ማታ ነው። በሻንጣው ውስጥ በርበሬ፣ ሽሮ፣ ቆሎ፣ ድርቆሽ ገብቶ ሚዛኑ ሞልቷል። እቴቴ ከነጠላዋ ሥር ሌላ ፌስታል አወጣች፤ ዳቦ ቆሎ ነው። በትከሻው ቦርሳ ጠቀጠቀችው። ሌላ አወጣች፤ በሶ። ልጁ ዚፑን በሁለት እጁ ጨምቆ ያዘ፤ ላብ በላብ ሆኗል፤ ከኋላው ሰልፉ ያጉረመርማል።

«ይበቃል አክስቴ!»

አልሰማችም።

«አፈር ስሆን፣ አክስቴ! አፈር ስሆን ይበቃኛል!»

እቴቴ ክው ብላ ቀረች። «ጠላትህ አፈር ይሁን!» ብላ አፉን በመዳፏ ያዘች፤ በሌላው እጇ በሶውን ከተተችው።