ሞልቶ ለሚነሳው ለክቡር አቶ ስምሪት

ቁጥር፦ መኪናው ሲሞላ ይሰጣል
ቀን፦ ዛሬ፤ ካልሆነም ነገ
ጉዳዩ፦ አንድ ባዶ ወንበር እንዲፈቀድልን ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኛ በመካነ ሰላም፣ በወገዲ፣ በከላላ፣ በሳይንትና በለጋምቦ የምንገኝ ተሳፋሪዎችዎ፣ አላህም እግዜርም ይመስገን፣ ከእግር መደንዘዝ በቀር ደህና ነን። ይህን ደብዳቤ የምንጽፍልዎ መኪና ውስጥ ተቀምጠን ነው። መኪናው ገና አልተነሳም። ረዳቱ በሩ ላይ ተንጠልጥሎ «አንድ ሰው ብቻ!» እያለ ይጣራል። ያ አንድ ሰው መጥቶ ገባ፣ ተቀመጠ፣ ጓዙንም አስተካከለ፤ ረዳቱ አሁንም «አንድ ሰው ብቻ!» ይላል። በደጋው ሁሉ የዚህን ሰውዬ ያህል የሚጠበቅ ሰው የለም። ሙሽራም ቢሆን ይህን ያህል አይጠበቅም።

ከአዲስ አበባ የተመለሱ ልጆቻችን ግራ የሚያጋባ ወሬ ይዘው መጥተዋል። እዚያ በሰዓቱ የሚነሳ አውቶቡስ አለ ይላሉ። የመንግሥት ሠራተኛውን በጠዋት ከዳር ሰፈሮች ወደ መሃል ከተማ አድርሶ ማታ የሚመልሰው ፐብሊክ ሰርቪስ ሰዓቱ ሲደርስ ይሄዳል አሉን፤ የዘገየ ሠራተኛ ቆሞ የሚያየው ጀርባውን ነው። ለክፍለ አገር ተጓዥም እንደ ሰላም ባስና ስካይ ባስ ያሉት አስቀድመው የወንበር ቁጥር ያለበት ትኬት ይሸጣሉ፣ ገና ጎህ ሳይቀድ ይንቀሳቀሳሉ። እዚህ ላይ ሽማግሌዎቻችን «ባይሞላስ?» ብለው ጠየቁ። ልጆቹ «ባይሞላም» ሲሉ መለሱ። ሽማግሌዎቹ ተያዩ። አንዱ ቀስ ብለው «ታዲያ ባዶውን ወንበር ማን ይከፍለዋል?» አሉ።

ክቡርነትዎ፣ የዛሬው ጉዳያችን ይኸው ነው።

የአዲስ አበባ ዳር አያትና ጀሞ ነው፣ መሃሉ ደግሞ ፒያሳና ሜክሲኮ። እኛ ዘንድ ዳሩ መካነ ሰላም ነው፤ መሃሉ 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ፣ ከአቀስታና ከጉጉፍቱ ብርድ ማዶ ያለው ደሴ ነው። የዞኑ ቢሮ፣ ትልቁ ሆስፒታል፣ ፓስፖርቱ ያሉት ደሴ ነው። ለአንድ ፊርማ የሄደ ሰው በሰዓቱ ቢነሳ ከሰዓት በፊት ጉዳዩን ይጨርስ ነበር። ስለማይነሳ ቢሮው ሊዘጋ ሲል ይደርሳል፣ አልጋ ይይዛል፣ ራቱን ይበላል፤ በማግስቱ ፈራሚው ስብሰባ ላይ ይሆናል። የደሴ አልጋ አከራዮች በየበዓሉ ሙክት የማይልኩልዎ ከሆነ ውለታ ቢሶች ናቸው።

በእርግጥ ነገሩ ከርስዎ ክፋት የመጣ አይደለም። ተራ ባይኖር ባለንብረቶች በአንድ ተሳፋሪ ሻንጣ ላይ ሊጋደሉ እንደሚችሉ እናውቃለን፤ ተራው ሰላም አውርዷል። ባለመኪናውም የጎማ፣ የጥገናና የባንክ ዕዳ አለበት፤ ባዶ ወንበር ይዞ ጉጉፍቱን መውጣት ለርሱ ኪሳራ ነው። ታሪፉም የሚሰላው በኪሎ ሜትር፣ በመኪናው ደረጃ፣ በአስፋልትና በጠጠር መንገድ ነው። የጠበቅንበት ሰዓት ግን በየትኛውም ሂሳብ ውስጥ አልገባም። የባዶው ወንበር ዋጋ በብር እንዳይከፈል ሁላችንም በሰዓት እንከፍለዋለን። እናቶች በታመመ ልጅ፣ ተማሪዎች በፈተና፣ ነጋዴዎች በሚበላሽ ዕቃ ይከፍሉታል። ደረሰኝ የለውም፣ ስለዚህ በማንም መዝገብ ላይ አልታየም።

ደግሞም አንድ የሚደንቅ ነገር አለ። አንድ ወንበር ጎድሎበት ግማሽ ቀን የቆመ መኪና ከመናኸሪያው በር እንደወጣ ሆዱ ይሰፋል። መንገድ ዳር የቆመው ይገባል፣ ሞተር ላይ ይቀመጣል፣ ጀሪካን ወንበር ይሆናል፣ በረዳቱ ብብት ሥር ሁለት ሰው ያድራል። ትራፊክ ሊታይ ሲል «ጎንበስ በሉ!» ይባላል፣ ትርፉ ሁሉ ይሰግዳል። በሩ ውስጥ ባዶ ወንበር የተከለከለ ነው፣ ከበሩ ውጭ ደግሞ ወንበር የሌለው ሰው የተፈቀደ ነው። መውጫ ወረቀቱ ላይ ሁሉም ነገር ልክ ስለሆነ እርስዎ በሰላም ይተኛሉ።

ቅር እንዳይልዎ እንጂ ይህ አገር ቀጠሮን ከርስዎ በፊት ያውቃል። ጎረቤታችንን ወረኢሉን ይጠይቁ። አጼ ምኒልክ በመስከረም 1888 የክተት አዋጃቸውን ሲያስነግሩ ለሸዋ ሰው ቦታና ቀን ቆርጠው ሰጡት፤ ቦታው ወረኢሉ፣ ቀኑ እስከ ጥቅምት እኩሌታ። ጦሩ ሲሞላ እንነሳለን አላሉም። ስልክም አስፋልትም በሌለበት፣ በእግርና በበቅሎ የመጣ ሠራዊት ጉዞውን ቀጥሎ የካቲት 23 አድዋ ላይ ተገኘ። በዚያ ጊዜ የወረኢሉን ስምሪት እርስዎ ይዘው ቢሆን ኖሮ «አንድ ጦረኛ ብቻ!» እየተባለ ክረምቱ ይገባ ነበር፣ የጣሊያኑ ጄኔራል ባራቲየሪም በክብር ጡረታ ይወጣ ነበር።

የምንጠይቀው ትንሽ ነው። በጠዋት 12 ሰዓት ከመካነ ሰላም ወደ ደሴ፣ በዚያው ሰዓት ከደሴ ወደ መካነ ሰላም፣ ቢሞላም ባይሞላም የሚነሳ አንድ አንድ የግል አውቶቡስ ይፈቀድልን። የቀሩት መኪኖች ተራቸውን ይጠብቁ፣ ማንም አይነካባቸውም። በሰዓቱ መነሳት ዋጋ ካለው ዋጋውን እንጨምራለን፤ አልጋና ራት ከሚወስድብን አይበልጥም። ትኬቱ ግን በዋዜማው ይሸጥ፣ ቁጥር ይኑረው፣ አውቶቡሱም ከመናኸሪያው ከወጣ በኋላ መድረሻው እስኪደርስ በሩ ለትርፍ አይከፈት።

ይህ ለባለሀብቱ አደጋ ነው ካሉን መልስ አለን። የኮሎምቢያዋ ቦጎታ በ1993 ዓ.ም. ትራንስሚሌኒዮ የተባለውን የአውቶቡስ መስመር ስትከፍት በዋና ዋና ጎዳናዎች የሚሠሩትን የግል ኩባንያዎች በአብዛኛው በሄዱበት ኪሎ ሜትር መክፈል ጀመረች። ሾፌሩ ያኔ ሰው ለመልቀም መሻማቱን ተወ፣ ባዶ ወንበርም ጠላቱ መሆኑ ቀረ። «እኛ ቦጎታ አይደለንም» እንዳይሉን፤ እኛም በሐምሌ 2014 ለሕዝብ ማመላለሻ መኪኖች የታለመ የነዳጅ ድጎማ መስጠት የጀመርን አገር ነን፣ ክፍያውም በቴሌብር ነበር። መንግሥት የእያንዳንዱን መኪና ነዳጅ በስልክ መቁጠር ከቻለ፣ አንድ አውቶቡስ 12 ሰዓት ላይ መነሳቱን ማየት አይከብደውም። ለተቀዳ ነዳጅ ይከፍለው ከነበረው ላይ ጥቂቱን በሰዓቱ ለተነሳ ኪሎ ሜትር ይክፈል።

መንገድ በተዘጋ ቀን፣ ጥይት በተሰማ ቀን፣ ሾፌሩ «አልሄድም» ቢል ማንም አይወቅሰው። ያን ቀን እኛም ከቤት አንወጣም። የምናወራው መንገዱ ሰላም ሆኖ፣ ሰማዩ ጠርቶ፣ ነዳጁ ተቀድቶ፣ ሾፌሩ ቁርሱን በልቶ ጨርሶ፣ መኪናው ግን ስለማይነሳበት ስለ ተራው ማክሰኞ ነው።

የሚያሳስብዎ ነገር እንደሚኖር እንገምታለን። ባዶ ወንበር ከአንድ መናኸሪያ በሰላም ከወጣ ሌላውም ይጠይቃል። ወገዲ ይጠይቃል፣ ከላላ ይጠይቃል፣ አባይን ተሻግሮ ጉንደወይንም ይሰማል። ከዚያ ሰው ሁሉ ሰዓት ማየት ይጀምራል። ሰዓት ማየት የለመደ ተሳፋሪ ደግሞ ቢሮ ሲደርስ ፈራሚው የት እንዳለ መጠየቁ አይቀርም። ስጋቱ ይገባናል።

ከሰላምታ ጋር፣
የኋላ ወንበር ተሳፋሪዎች

ግልባጭ፦
ለክልሉ የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት፣ ታሪፉ ውስጥ «ሰዓት» የሚል ረድፍ እንዲጨመር
ለባለንብረቶች ማኅበር፣ ተራው እንደማይነካ እንዲያውቁት
ለኬላው ትራፊክ ፖሊስ፣ ጎንበስ ያለውም ሰው ተቆጥሮ እንዲመዘገብ
ለደሴ አልጋ አከራዮች፣ ገበያው ሊቀንስ ስለሚችል ከወዲሁ እንዲዘጋጁ