ጤፍ ሲወደድ

እስከ ስምንተኛ ክፍል ድረስ እኔ ባለሥልጣን ነበርኩ። ማታ ማታ ኮሙኒኬሽን ቡኩ ይቀርብልኛል፤ መነጽሬን አድርጌ «ታይቷል» ብዬ እፈርማለሁ። መታየቱን እንኳ እግዜር ይወቀው። ልጄ ሚኒስትሪ አልፋ ዘጠነኛ ስትገባ ግን ቡኩም ቀረ፣ ፊርማዬም ጡረታ ወጣ።

ሥልጣን የቀመሰ ሰው ዝም ብሎ አይቀመጥም። አስጠኚ መቅጠር በዚህ ኑሮ አይታሰብም፤ ደግሞስ እኔ ምን ጎደለኝ? የትምህርት ሥርዓቱ ራሱ ወደ እኔ ዘመን ተመልሷል። እኛ የተማርነው በ6-2-4 ነበር፤ የ1986ቱ ፖሊሲ 8-2-2 አደረገው፤ አሁን ዞሮ ዞሮ 6-2-4 ሆኗል። እንግዲያው የቤት ሥራውም የማውቀው ነው ብዬ ወንበር ሳብኩ።

መጀመሪያ የወጣው ኢኮኖሚክስ ሆነ። እኔ ዘጠነኛ ክፍል ያልተማርኩት! መጽሐፉ እንደ አብዛኞቹ በእንግሊዝኛ ነው። (ጎረቤታችን እማማ የልጅ ልጃቸውን ደብተር ገልጠው አይተው ይመልሱለታል፤ ለብዙ ወላጅ በሩ የሚዘጋው እዚህ ላይ ነው። «ልጁ አድጓል» የሚለው ሰበብ ነው።) ጥያቄው ዋጋ ሲጨምር የሚፈለገው መጠን እንደሚቀንስ በምሳሌ አስረዱ ይላል።

«በይ ጻፊ፤ ጤፍ» አልኳት።

ባለቤቴ ከማድ ቤት ብቅ አለች። «ጤፍ ሲወደድ መግዛት ትተን እናውቃለን? ያንኑ ሃምሳ ኪሎ አይደል እንዴ የምናስፈጨው?»

«መጽሐፉ ነው ያለው።»

«መጽሐፉ እንጀራ አይበላማ!»

«እሺ፣ ሥጋ ይሁን።»

«እሱንማ የተውነው ገና ሳይወደድ ነው።»

ነገሩ ባለሙያ ፈለገ። መርካቶ የሚነግደው ወንድሜ ጋ ደውዬ ስልኩን ላውድ ላይ አደረግኩት። እሱ ጭራሽ ሕጉን ገለበጠው፦ «ዘይት ሊጨምር ነው የተባለ ቀን ሰው ይሻማል እንጂ የት ይቀንሳል? ሱቄን ያየ እንዲህ አይልም።» እውነቱን ነው፤ ነገ ይወደዳል ብሎ የሚሰጋ ገዢ ዛሬ ያጋብሳል፤ ይህም በኢኮኖሚክሱ የራሱ ቦታ አለው። እኛ ግን ገና የመጀመሪያው ጥያቄ ላይ ነን።

ልጄ «አባዬ፣ ሌላው ሁሉ ባለበት ሲቆይ ነው እኮ የሚለው» አለች።

«በየትኛው አገር ነው ሌላው ሁሉ ባለበት የሚቆየው?» አለች እናቷ። ይሄኔ መብራት ጠፋ።

ሻማ ፍለጋ መሳቢያ ስንገለብጥ፣ ወንድሜ በስልኩ ውስጥ ስለ ስኳር መናገሩን አላቆመም። መብራቱ ሲመጣ ልጅቷ ደብተሯን ቦርሳዋ ውስጥ እየከተተች ነበር። ተቀብዬ አየሁት፦ ለስላሳ ሲወደድ ሰው ውሃ ይጠጣል ብላ በሠንጠረዥ አስረድታለች፤ ግራፉም አለ።

«መቼ ሠራሽው?»

«እናንተ ሥጋው ላይ እያላችሁ።»

ባለቤቴ ለስላሳውንም አልተቀበለችውም። እንግዳ ከመጣ በስንትም ይገዛል ባይ ናት።