ትከሻህን ጣል

በጎጃም፣ በዲማ ጊዮርጊስ ዙሪያ በረዶ ማለት ጤፍ የሚያጋድም፣ ባቄላ የሚያራግፍ መቅሰፍት ነው። ሲወርድ ሰው ቤቱ ገብቶ «እግዚኦ» ይላል እንጂ ወጥቶ አይጫወትበትም። ስለዚህ እናቴ በስልክ «እዚያ አገር ምን ትሠራለህ?» ባለችኝ ቁጥር ታክሲ መንዳቴን እነግራታለሁ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ልጄን ተከትዬ ተራራ ላይ እንደምገለባበጥ ግን ትንፍሽ አላልኩም። ምስጢሩን ያወጣችው ልጄ ናት። ለጥምቀት አገር ቤት ስንገባ ስልኳን ከፍታ ለአያቷ አሳየቻት። እናቴ ዓይኗን አጥብባ አየችና «ይሄ የሚወድቀው ማነው?» አለች።

«አባዬ ነው።»

«ማን ገፍቶት?»

ማንም አልገፋኝም፤ እንዲያውም ከፍዬበት ነው። በዴንቨርና በአውሮራ የሚኖረው አበሻ ብዙ ነው፤ በስተምዕራብ ያለውን ተራራ ግን አብዛኛው በመኪና መስኮት ነው የሚያውቀው። እኔም እንደዚያው ነበርኩ። ልጄ በረዶ ላይ እየተንሸራተቱ የሚገለባበጡበትን ፍሪስታይል ስኪ ጀመረችና በአይ-70 አውራ ጎዳና እያመላለስኩ የማደርሳት እኔ ሆንኩ። መንገዱ አይዘንሃወር በሚባል ዋሻ ያልፋል፤ ከባሕር ጠለል በላይ 3400 ሜትር ያህል ነው። እዚያ ሲደርሱ ትንፋሽ አጠረን የሚሉ አሉ። እኔ ከ4000 ሜትር የሚያልፈው ጮቄ ባለበት አገር ያደግኩ ነኝና ምንም አልመሰለኝም። የሌሎቹ ልጆች ወላጆች ቡናቸውን ይዘው መስኮት ሥር ሲቀመጡ፣ እኔ «እስቲ ጫማውን ልሞክረው» አልኩ። የስኪ ጫማ የሞከረ ሰው እንኳን መገልበጥ መራመድም ይከብደዋል።

አውሮራ ቡና የምንጠጣ ጓደኞቼ ነገሩን ሲሰሙ «አበሻና ስኪ!» ብለው ተንከተከቱ። ሮቤል ተክለማርያምን መዘዝኩባቸው። ሮቤል አዲስ አበባ ተወልዶ አሜሪካ ያደገ፣ እ.ኤ.አ. በ2006 በቶሪኖ ኢትዮጵያን ወክሎ በክረምት ኦሊምፒክ የተወዳደረ የመጀመሪያው ሰው ነው። በ15 ኪሎ ሜትር አገር አቋራጭ ስኪ 83ኛ ወጣ፤ በ2010 ቫንኩቨር ላይ ደግሞ 93ኛ። በሩጫ ነሐስ ስናመጣ እንኳ የምንከፋ ሰዎች ነንና፣ 83ኛ መውጣትን እንደ ጀብዱ መተረክ ቀላል አይደለም። እኔ ግን እኮራበታለሁ፤ ማንም ባልጠበቀን ድግስ ባንዲራ ይዞ መግባት የራሱ ወኔ ይጠይቃል። ከመሐላችን አንዱ ነገረኛ አለ። «ሮቤል እኮ መሬት ለመሬት ነው የሄደው። አንተ ሽቅብ ተወንጭፈህ፣ አየር ላይ ዞረህ ልትወርድ ነው የምትለን» አለኝ። መልስ አጣሁ።

ቀጥ ብሎ ዘሎ እንደ እንዝርት ዞሮ መውረድን እንደምንም ለመድኩት። አንድ ሙሉ ዙር 360 ይባላል፣ አንድ ተኩሉ 540፣ ሁለቱ 720፤ እያለ ይቀጥላል። ደረጃው አላስፈራኝም። ሐዲስ ዓለማየሁ ራሳቸው በተማሩበት፣ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ደግሞ በዛብህን ባመጡበት በዚያው በዲማ፣ ከሁለት ቤቱ ጉባኤ ቃና ተነስቼ ዘአምላኪየ፣ ሚ በዝኁ እያልኩ የተቆነጠጥኩ የቅኔ ተማሪ ነበርኩ። ስምንት ቤቱ መወድስ ላይ ሳልደርስ ወደ አስኳላ ኮበለልኩ እንጂ።

ልጄ የምትሠራው ግን ሌላ ነው፤ ኮርክ ይሉታል። የሚዞሩበት ዘንግ ቀጥ ብሎ አይቆምም፣ ያዘነብላል። እንደ ሰርከስ ልጆች በጀርባ መገልበጥ አይደለም፤ ቆሞ መዞርም አይደለም። በሁለቱ መሐል ገደድ ብሎ፣ ጀርባ ለመሬት ተሰጥቶ፣ ስኪው ወደ ጎን ተወርውሮ ይዞራል፤ መጨረሻ ላይ ቀና ተብሎ በእግር ይወረዳል። ለሚያየው ሰውየው አየር ላይ ሐሳቡን የቀየረ ይመስላል። ግን እግር የመዝለያውን ጉብታ ከለቀቀ በኋላ ተጨማሪ ዙር ከየትም አይገኝም፤ ያለው ይዘው የተነሱት ብቻ ነው። እጅ ደረት ላይ ሲሰበሰብ ይፈጥናል፣ ሲዘረጋ ይዘገያል፤ የእጅ አጣጣል ዘንጉን ጥቂት ሊያዘነብለው ይችላል። ዋናው ፍርድ ግን ጉብታው ጫፍ ላይ፣ ጉልበት በሚዘረጋበት ቅጽበት አልቋል። የቀረው አፈጻጸም ነው።

ትምህርቱ በረዶ ላይ አይጀመርም። መጀመሪያ ትራምፖሊን፣ ቀጥሎ ቁርጥራጭ ስፖንጅ የሞላበት ጉድጓድ፣ ቀጥሎ አየር የተነፋ ትልቅ ፍራሽ፣ በረዶው ከዚያ በኋላ ነው። አሠልጣኙ የልጅ ልጅ የሚመስል ጎረምሳ ነው፤ የሚነግረኝም አንድ ነገር ነው፤ ልጄ ተቀብላ ትተረጉምልኛለች። «አባዬ፣ ወደ ግራ ስትዞር የግራ ትከሻህን ወደ ኋላና ወደ ታች ጣል። ቀኝ እጅህ ሽቅብ ይከተል። ዓይንህ በግራ ትከሻህ ላይ አልፎ ተረከዝህን ይፈልግ።»

ትከሻ ሲሉኝ ደስ አለኝ። ጎጃሜን ትከሻ ሊያስተምሩት! በሠርግ ቤት እስክስታ መሬት የሚያንቀጠቅጥ ትከሻ ይዤ ነው የመጣሁት። ዘለልኩ፤ ትከሻዬን ጣልኩ፤ ቆሜ ዞርኩ። ደገምኩ፤ አሁንም ቆሜ። ልጄ ቀርጻ አሳየችኝና ጉዱ ታየ። በእስክስታ ትከሻ ሲርገፈገፍ ራስ ቀጥ ብሎ፣ ዓይን ፊት ለፊት ሰው እያየ ነው የሚቆመው፤ ውበቱም እዚያ ነው። እኔም ያንኑ አየር ላይ ይዤው ወጥቻለሁ። ትከሻዬ ይወድቃል፣ ራሴ ግን እንደ ሙሽራ ሚዜ ቀና ብሎ መሬቱን ይጠብቃል። ራስ ካልዞረ ደግሞ ዘንግ አያዘነብልም፤ አካል የሚሄደው ዓይን ወደ ሄደበት ነው። ኮርክ የሚጠይቀው ድፍረት ይሄ ነው፤ የሚወርዱበትን መሬት ለአፍታ ማየት መተው። ዓመታት ሙሉ መንገድ ላይ ዓይኑን ተክሎ የኖረ ባለታክሲ አንገት ይህን አልቀበልም ካለ ምን ይፈረድበታል?

አንድ ቀን ተናደድኩና ራሴን ከትከሻዬ አስቀድሜ ወረወርኩት። ስፖንጁ ጉድጓድ ውስጥ በጎኔ ገባሁ። እንዲህ ያለ ጉድጓድ በጥባጭ ነው፤ የረገጡት ሁሉ ይሸሻል፣ በታገሉ ቁጥር ይውጣል። አንድ ትንሽ ልጅ ገመድ ወርውሮ አወጣኝ፤ አንደኛው ካልሲዬ እዚያው ቀረ።

ወደ ዲማ ልመለስ። የጥምቀት ማግስት፣ የቃና ዘገሊላ ለት፣ የቅኔ መምህሬ የኔታ ጠላ ሊቀምሱ ቤታችን መጡ። ዕድሜ ጠግበዋል፣ ጆሯቸው ግን ንቁ ነው። ልጄ የጆኒ ሞዝሊን ቪዲዮ አሳየቻቸው፤ ማስረዳቱ በእኔ ወደቀ። ሞዝሊ እ.ኤ.አ. በ1998 ናጋኖ ላይ በጉብታ በተሞላ ቁልቁለት የኦሊምፒክ ወርቅ ያገኘ አሜሪካዊ ነው። በዚያን ጊዜ በዚህ ውድድር መገልበጥ ክልክል ነበር፤ እግር ከራስ በላይ መውጣት የለበትም። በ2002 ሶልት ሌክ ሲቲ ላይ ሰውየው አየር ላይ አግድም ተኝቶ ሁለት ዙር የሚዞር ዝላይ ይዞ መጣ። ተገለበጠ ወይስ አልተገለበጠም የሚል ክርክር ተነሳ።

የኔታ ዋንጫቸውን አስቀመጡ። «እግሩ ከራሱ በለጠ ወይስ ተካከለ?»

«ተካከለ፣ የኔታ።»

«ሕጉ አይብለጥ ነው ያለው?»

«አዎ።»

«ታዲያ ምን አጠፋ? ይለፍ!»

እንዳሉትም አለፈ፤ ተፈቀደለት። የወጣው ግን አራተኛ ነው፤ ወርቁን የፊንላንዱ ያኔ ላህቴላ ወሰደ። የኔታ ተቆጡ። ፍጥነትና አነዳድም ነጥብ አላቸው ብዬ ላለዝብ ብሞክር «ፍርደ ገምድል ናቸው» ብለው ጨረሱት። ብዙም ሳይቆይ መገልበጡ ራሱ መፈቀዱን ስነግራቸው ትንሽ በረድ አሉ። ልጄ ቀጥላ አይሊን ጉን አሳየቻቸው። ይህች የ18 ዓመት ልጅ በ2022 ቤጂንግ ላይ በመጨረሻው ዝላይዋ ሁለት ጊዜ እያዘነበለች 1620 ዞራ ወርቅ ወሰደች፤ አራት ዙር ተኩል መሆኑ ነው። የኔታ በመቁጠሪያቸው እየቆጠሩ ደጋግመው አዩና «ይህችስ መወድስ ተቀኘች» አሉ።

በሩ ላይ ተኮልኩለው የሚሰሙት የሠፈር ልጆች በወሬ የሚጠግቡ አይደሉም። «ጋሼ፣ አንተስ?» አሉኝ። ከግቢያችን አጥር ወዲያ የጎረቤታችን የጤፍ ጭድ ክምር አለ፤ አጠገቡ ደረት የሚደርስ የድንጋይ ካብ። እናቴ «ኧረ በጊዮርጊስ!» እያለች ካቡ ላይ ወጣሁ። ልጄ ከታች ሆና ልቀበለው ብላ ስልኳን ለየኔታ ሰጠቻቸው።

ዘለልኩ። ትከሻዬን ጣልኩት፤ አንገቴ፣ ያ እምቢተኛ አንገት፣ ዲማ ላይ ምን እንደታየው እንጃ፣ ተከትሎ ሄደ። ሰማይ፣ ካብ፣ የዋርካ ጫፍ፣ እንደገና ሰማይ። ዘንጉ ሲያዘነብል ተሰማኝ፤ የእውነት ተሰማኝ። ጭዱን ያገኘሁት በጀርባዬ ነው። የጤፍ ጭድ ደግሞ ያሟልጫል። በወዲያኛው በኩል ተንሸራትቼ፣ ለኩበት የተጠፈጠፈ እበት ላይ በግራ ትከሻዬ አረፍኩ።

ወጌሻው ቅቤ ቀብቶ ትከሻዬን ሲያሸኝ ክርክሩ ከጎኔ ተጧጡፏል። ልጄ 540 ነው ትላለች፤ ልጆቹ አንድ ዙር ብቻ ነው ይላሉ፤ ጎረቤታችን ስለ ተበተነው ጭድ እንጂ ስለ ዙሩ ግድ የለውም። ማስረጃው ስልኩ ነው ተብሎ ተከፈተ። የኔታ ስልኩን ገልብጠው ይዘውት ኖሯል፤ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሚታየው ጢማቸው ነው፤ ድምፅም አለ፦ «ወጣ... ወጣ... ኧረ ጉድ!»

እንግዲህ የዓይን ምስክር ይሁኑ ተባሉ። አሰብ አደረጉና «ስንት ጊዜ እንደ ዞረ አልቆጠርኩም። እግሩ ግን ከራሱ በልጧል። በዚያ ሰውዬ ሕግ ቢሆን ተባሮ ነበር» ብለው ዋንጫቸውን አነሱ።